ሸርጣኖቹ ያሸነፉ ዕለት

ሳን ቴልሞ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1981

ለተከበርሽው እህቴ ለኔሪስ፤

ይህች ወረቀት ባሕሩን በደህና ተሻግራ አንቺንም ትንሿን ኢዳሊያንም በጤና ታግኛችሁ። የአባትሽ ምርቃት ከደጃፋችሁ አይራቅ፤ ከእንግዲህ ከአፋቸው ስለማትሰሙት እኔ በእሳቸው ፈንታ ጽፌዋለሁ።

ቴሌግራሙ እንደ ደረሰሽ ጎረቤታችን ዶኛ ኤርሜሊንዳ ነገሩኝ። አጎቴን ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ብታዪ፣ የተከተለው ሰው ብዛት የዋንጫውን ዕለት ያህል ነበር። ግማሹ ሰው ፊቱ ላይ የተቀባው ብርቱካናማ ቀለም ገና አልለቀቀም። መዝሙሩን ሊዘምሩ ሲነሡ የማንም ድምፅ አልወጣ አለ፤ እሑድ ሲጮህ የዋለ ከተማ ሰኞ ምን ድምፅ ይኖረዋል? በሹክሹክታ ዘመርንላቸው። ካህኑም ቢሆኑ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር።

በመጨረሻዋ ሰዓት አጠገባቸው ነበርኩ። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። አርባ አራት ዓመት የጠበቁትን የሸርጣኖቻችንን የቤዝቦል ዋንጫ በሬዲዮ ሰሙ። የተጋጣሚዎቹ የአዞዎቹ የመጨረሻ ኳስ መቺ ሲወጣ እጄን ጨብጠው «ሊሳንድሮ፣ በቃ» አሉኝ፤ ከዚያ ዐይናቸውን ከደኑ። አልተሠቃዩም።

ለምነዳው አውቶቡስ የጠየቅሁሽን የካርቡራተር ዕቃ ተይው። እዚሁ አገኘሁ።

ወንድምሽ ሊሳንድሮ

*

ማያጉዌስ፣ ማርች 1 ቀን 1981

ለወንድሜ ለሊሳንድሮ፤

እግዚአብሔር አባባን ያገላበጡትን፣ ያጠቡትን፣ ያጎረሱትን እጆችህን ይባርካቸው። እኔ ልጁ ማድረግ የነበረብኝን አንተ አድርገሃልና ቃል የለኝም። ኢዳሊያም ደህና ናት። አያቷን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምታውቃቸው፤ ግን እኔ ሳለቅስ ስታየኝ እሷም ታለቅሳለች።

ለምን እንዳልመጣሁ አንተ ታውቃለህ፤ የከተማው ሰው ግን ምን እንደሚል አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የለኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ በፋብሪካ ዓሣ በቆርቆሮ ስሞላ የኖርኩት ያለ ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። «ቀብሬ ልመለስ» ማለት ለእኔ የለም። ይህን ለአባባ ስጽፍለት «ቆዪ፣ ሸርጣኖቹ ዋንጫ ሲበሉ ትመጫለሽ» ይለኝ ነበር፤ መቼም አትመጪም ማለቱ ነበር፤ ሲቀልድ።

ደብዳቤህን ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ለአገር ልጆች ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሥራ አንድ ሰው ነበር። «በቃ» ያለህ ላይ ስደርስ ትልልቅ ወንዶች አለቀሱ። የአናጢው ልጅ ሞዴስቶ ወረቀቱን ተውሶኝ ገለበጠና ለሳን ቴልሞ ሬዲዮ ላከው። እንዳትቆጣኝ። አባባ በሬዲዮ ስሙ ቢጠራ ደስ ይለው ነበር።

አሁን ሁሉንም ጻፍልኝ። ጠዋት ምን በላ? በስምንተኛው ዙር እንደ ልማዱ ሬዲዮውን አላስጠፋህም? «እኔ ስሰማ ነው የሚሸነፉት» እያለ ስንቱን ጨዋታ ሳይሰማ ቀርቷል። ኮፍያውንም ሰው ሲመጣ ላክልኝ።

እህትህ ኔሪስ

*

ሳን ቴልሞ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1981

ለውድ እህቴ ለኔሪስ፤

ለጾሙ መፈቻ በጤና ያድርሳችሁ። ይህን ደብዳቤና ኮፍያውን የያዙት ዶኛ ኤርሜሊንዳ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ እናንተ ዘንድ ይሻገራሉ። የእሳቸውን ነገር አንቺው ታውቂያለሽ፣ ለአጎቴ ጎረቤት ብቻ አልነበሩም።

ሬዲዮው አነበበው። ሦስት ጊዜ። አሁን አውቶቡሱን ስነዳ ተሳፋሪ ትከሻዬን ይነካል። የአሮጊቶቹ ብሷል፤ ሲወርዱ እጄን ይስማሉ፤ «ይህች እጅ ናት?» ይሉኛል። መኪና ለመንዳት እንኳ ዐፈርኩ።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ጠዋት የተፈጨ ሙዝና አንድ እንቁላል በሉ። በስምንተኛው ዙር፣ ልክ እንዳልሽው፣ አጥፋው አሉኝ። አጠፋሁት። በዘጠነኛው ግን ራሳቸው «ክፈተው፣ ዛሬ ሌላ ቀን ነው» አሉ። ከፈትኩት። ሲያልቅ በሁለት እጃቸው እጄን ጨበጡኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር። ዶኛ ኤርሜሊንዳ በኋላ ነው የመጡት።

ከተማው ገና አልበረደም። ዋንጫው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሥጋ ቤቱ ጋ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ አሁን ትምህርት ቤት ነው። ከመዲናዋ የሚመጡ ነጋዴዎች «ሸርጣን ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይሄድም» እያሉ የሚሰድቡንን ትተዋል። ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው እየፈለጉ ነው።

ወንድምሽ ሊሳንድሮ

*

ማያጉዌስ፣ ጁን 14 ቀን 1981

ለሊሳንድሮ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ኮፍያው ደረሰኝ። ዶኛ ኤርሜሊንዳም ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመልሰዋል፤ በደህና መግባታቸውን ሰምቻለሁ።

የምጠይቅህ ጥቂት ነው። አባባ የተኛበት አልጋ ፊቱን ወደ መስኮቱ ነበር ወይስ ወደ በሩ? በየትኛው እጁ ነው የጨበጠህ? ግራ እጁ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና በሁለት እጁ ያልከው አልገባኝም። ምን ለብሶ ነበር? ጫማ አድርጎ ነበር?

መልስልኝ።

ኔሪስ

*

ሳን ቴልሞ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1981

ለእህቴ ለኔሪስ፤

ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም፤ ቢሆንም ሰላም ለአንቺና ለልጅሽ ይሁን።

ሦስት ወር ዝም ያልኩሽ ደብዳቤሽ ስላልደረሰኝ አይደለም። ደርሶኛል። ከመሪው በላይ፣ የፀሐይ መከላከያው ውስጥ ሰክቼው እየነዳሁ ነበር። መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ጭኔ ላይ ይወድቃል፤ አንሥቼ እመልሰዋለሁ።

ትናንት የክለቡ ሊቀመንበር ዶን ፋውስቲኖ ቤት ድረስ መጡ። ኮታቸውን ለብሰው። «ልጄ፣ ሜዳው ያለው የአጎትህ መቀመጫ ላይ የነሐስ ጽሑፍ ልናደርግበት ነው፤ ‹ጠብቆ ያገኘ› የሚል። ኦክቶበር 25፣ እሑድ፣ የመክፈቻው ጨዋታ ዕለት። ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የመጀመሪያዋን ኳስ የምትወረውራት አንተ ነህ» አሉኝ። «ሌላ ሰው ቢወረውራትስ?» አልኳቸው። «ማን? እጁን የያዘው አንተ አይደለህም?» አሉ። ዝምታዬ ትሕትና መሰላቸውና አቀፉኝ።

ኔሪስ፣ እጃቸውን አልያዝኩም።

ጨዋታውን አብረን መስማት ጀመርን፤ ይህ እውነት ነው። ሙዙና እንቁላሉም እውነት ነው። ሰባተኛው ዙር ሲያልቅ አዞዎቹ አራት ለአንድ ይመሩን ነበር። አጎቴ ደህናዋን እጃቸውን አንሥተው «አጥፋው» አሉኝ።

«ገና ሁለት ዙር አለ እኮ።»

«እኔ ስሰማ ነው የሚሸነፉት። ስንት ዓመት ልንገርህ? አጥፋውና ልተኛ።»

አጠፋሁት። ውሃ ልስጥዎ ስላቸው «አፌ ደርቋል፤ በረዶ ቢኖር ይሻል ነበር» አሉ። ከቻጎ ሱቅ አመጣልዎታለሁ አልኳቸው። «ሂድ፤ ግን እዚያ ቁጭ እንዳትል» አሉኝ። አሥር ደቂቃ አልኳቸው። ሳቅ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከእሳቸው ጋር የተነጋገርኩት የመጨረሻው ይኸው ነው። «በቃ» የሚለውን ቃል እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ለምን ያን ቃል እንደመረጥኩ አላውቅም።

በረዶው ሰበብ ነበር። በረዶው ባይኖር ሌላ አገኝ ነበር። ጨዋታውን መስማት ፈልጌ ነው የወጣሁት።

ቻጎ ሱቅ በር ላይ ሠላሳ ሰው ይኖራል፤ ሬዲዮው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ቻጎ በረዶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ልሄድ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«የት ትሄዳለህ? ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለን፤ አንድ ጥሩ ምት ካገኘን ነጥብ ነው።»

«አጎቴ እየጠበቁኝ ነው።»

«አጎትህ አርባ አራት ዓመት ጠብቀዋል። አምስት ደቂቃ አይገድላቸውም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቻጎ ይህን ማለቱን ረስቶታል፤ አላስታወስኩትም፣ አላስታውሰውምም። የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሦስተኛው ሰው ቤዝ ገባ። ቀጥሎ ሊመታ የመጣው ቺቺ ኦልጊን ነው፤ ቺቺን ታስታውሺዋለሽ፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ዱላው አየር ብቻ ሲመታ የነበረው። አንዱ «በዚህ ዱላ ዝንብ እንኳ አይሞትም» አለ። ቺቺ መታት። ኳሷ በሁለቱ ሜዳ ጠባቂዎች መካከል ገብታ አጥሩ ሥር ተንከባለለች። ሦስቱም ሮጠው ገቡ፤ ሦስት ነጥብ። አራት ለአራት። በረዶው እጄ ላይ ቀልጦ እስከ ክርኔ ወርዷል፤ የተሰማኝ በኋላ ነው። በዘጠነኛው አንድ ጨመርን። የአዞዎቹ የመጨረሻ መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ ሲያጎናት የሬዲዮው ሰውዬ ዝም አለ። ከዚያ የእኛ ሜዳ ጠባቂ ያዛት።

የሆነውን እንዴት ልንገርሽ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የስኳር ፋብሪካው ጡሩምባ፣ የወደቡ ጀልባዎች፣ ሁሉም በአንዴ ጮሁ። ቻጎ የሩም መጠጥ ጠርሙስ እየከፈተ በሰው ራስ ላይ ያፈስሳል። የማላውቀው ሽማግሌ አቅፎኝ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። አውቶቡሱ ከማዶ ቆሞ ነበር፤ ቀና ስል ጣራው ላይ ሰው ሞልቷል። «ንዳ!» አሉኝ። ነዳሁ።

ኔሪስ፣ በቤታችን በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ሁለት ጊዜ። ጡሩምባውን ነፋሁላቸው፤ ሰምተው ደስ ይላቸዋል ብዬ። በሁለተኛው በሩ ገርበብ ብሎ አየሁት። ስወጣ ዘግቼው ነበር። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ገብተው ይሆናል አልኩና አልቆምኩም። ብቆም ጣራው ላይ ያሉት ይጮሁብኝ ነበር፤ ያን ፈርቼ አይደለም ግን። መቆም አልፈለግሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጀንበር ልትገባ ስትል ተመለስኩ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ የአጎቴ ራስ ጭናቸው ላይ ነው። አጎቴ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ቀኝ እግራቸው ጫማ አለው። የግራውን ጫማ በደህናዋ እጃቸው እንደ ያዙት ናቸው። ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ያለ ሰው ድጋፍ ሽንት ቤት መሄድ የማይችል ሰው አሥራ ሁለት እርምጃ መጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሊወጣ ነበር። ደወሉን ሰምተዋል። ምን እንደ ሆነ አውቀዋል። ከሕዝቡ ጋር ሊሆኑ ነበር የተነሡት።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ «የት ነበርክ?» አላሉኝም። «እግራቸውን ያዝልኝ» ብቻ አሉኝ። ወደ አልጋው መለስናቸው። ጫማቸውን እኔ አወለቅሁት። ሰው መምጣት ሲጀምር «ሰምተው ነው የሞቱት?» አለኝ አንዱ። «አዎ» አልኩ፤ እሱ ውሸት አልነበረም። «አጠገባቸው ነበርክ?» አለኝ ሌላው። ያኔ ዶኛ ኤርሜሊንዳን አየኋቸው። ሻማ እያበሩ ነበር፤ ቀና አላሉም። «አዎ» አልኩ።

ይኸው ነው። ለዶን ፋውስቲኖና ለሕዝቡም በመክፈቻው ዕለት በድምፅ ማጉያው እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ካንቺ ልስማ። ብትረግሚኝ ይገባኛል።

ሊሳንድሮ

*

ማያጉዌስ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1981

ለሊሳንድሮ፤

እግዚአብሔር ትዕግሥቱን ለሁለታችን ይስጠን።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሜይ ላይ ነግረውኛል። ኮፍያውን ከሻንጣቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው። «ወንድምሽ ክፉ አይደለም፤ ግን አንቺ በውሸት ስታለቅሺ ማየት አልቻልኩም» አሉኝ። ጫማውንም ነገሩኝ። ጁን ላይ የጻፍኩልህ ያን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ልይዝህ ነበር። ስትዋሽ አይቼ፣ ከዚያ ሁሉንም ልጥልብህ።

አንተ ግን ዝም አልክ። በዚያ ሦስት ወር ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። ከሥራ ስመለስ የመጀመሪያውን ደብዳቤህን አወጣና አነባለሁ። «አልተሠቃዩም» የሚለውን። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ በየቀኑ። ኢዳሊያም ቃሉን በልቧ ይዛዋለች።

አሁን የእኔን ስማ። አየሩ በጠራ ቀን የእናንተ ሬዲዮ እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጨዋታውን እኔም ሰማሁ። ቺቺ ሲመታት ወንበር ሰብሬአለሁ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን፤ አንዱ አኮርዲዮን አመጣ፤ ጨፈርን። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዶን ሲሪሎ ከመስኮት ተጣሩ። «ኔሪስ፣ ስልክ! ካገር ቤት ነው!» አንተ መሰልከኝ፤ ሰክረህ ልትዘፍንብኝ የደወልክ። «እየጨፈርኩ ነው በሉት፤ ነገ ይደውል» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ነበሩ። አባባን አልጋው ላይ ካስተኛችሁት በኋላ፣ ስልክ ቤቱ ወረፋ ላይ አንድ ሰዓት ቆመው ነበር። ዶን ሲሪሎ መልእክቴን ቃል በቃል ነው የነገሯቸው። ዶኛ ኤርሜሊንዳ በቤቴ ሦስት ሳምንት ሲያድሩ ይህን አንድም ቀን አላነሡም። እኔ ነኝ ጠይቄ ያወጣጣሁት።

ስለዚህ አልረግምህም። የምረግምበት አፍ የለኝም።

ለሕዝቡ ግን እንዳትናገር። አዝዤሃለሁ፤ ታላቅህ ነኝና። መቀመጫው የአባባ ነው፤ የአንተ አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ እየመታው የተቀመጠባት እንጨት ላይ ስሙ ይጻፍለት። ተነሥተህ ብትናገር ቀኑ የእሱ መሆኑ ቀርቶ የአንተ ይሆናል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ብትናገር ይቀልልሃል። እንዲቀልልህ አልፈልግም። ለእኔም አልቀለለኝም። ኳሷን ወርውርና ጭብጨባውን ተሸክመህ ወደ ቤትህ ግባ።

ኔሪስ

*

ሳን ቴልሞ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1981

ለታላቅ እህቴ ለኔሪስ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እንዳዘዝሽኝ አደረግሁ።

ሜዳው ሞልቶ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሎ ነበር። የነሐሱ ጽሑፍ ያምራል፤ የስማቸው አንዱ ፊደል ብቻ ትንሽ ጠመም ብሏል። አጠገቡ ዶኛ ኤርሜሊንዳን አስቀመጧቸው፤ ጥቁር ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ታሪኩ ሲነበብ ቃል ተጨምሮበታል። አጎቴ ከመሞታቸው በፊት የቡድኑን መዝሙር ዘመሩ ይላል። ማን እንደ ጨመረው አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

ሲጨርሱ ጸጥታ ሆነ። ኳሷ እጄ ላይ ነች። ዶን ፋውስቲኖ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉት፤ «አንድ ቃል» አሉኝ በጆሮዬ። ወደ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ተመለከትኩ። እሳቸው እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ራሴን በእንቢታ ነቀነቅሁ። ያኔ ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

የምነግርሽን ነገር ለካህን እንኳ አልተናገርኩትም። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብልኝ፣ ለአንድ አፍታ፣ እጃቸውን የያዝኩ መሰለኝ። የእጃቸው ሙቀት መዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ክፍሉን አየሁት፤ ሬዲዮው ተከፍቷል፤ እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ነቃሁና ኳሷን ወረወርኳት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነጠረች፤ ሰው በፍቅር ሳቀ።

ስድስት ለሁለት ተሸነፍን።

ስወጣ አንድ ሰው በሩ ላይ ጠበቀኝ። ከላይኛው መንደር ነው፤ ወንድሙ በጠና ታሟል። ባርኔጣውን አውልቆ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የአጎትህ ነፍስ ሲወጣ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር?» አለኝ። ምን ልበለው? «ሙቅ ነበር» አልኩት። «ተመስገን» ብሎ ሄደ። ከዚያ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የቀረውን ሁሉ እንዳዘዝሽኝ እሸከመዋለሁ፤ የዚህን ሰው ግን አልቻልኩም።

ወንድምሽ ሊሳንድሮ

*

ማያጉዌስ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1981

ለወንድሜ ለሊሳንድሮ፤

እግዚአብሔር እንቅልፍህን ይመልስልህ።

በሬዲዮ ሰማሁት። የአገር ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ነበር፤ ለእኔ ከሬዲዮው አጠገብ ወንበር ተውልኝ። ታሪኩ ተነበበ። ከዚያ ያ ጸጥታ መጣ። ዝም በል ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ፤ ቢሆንም እንድትናገር ጠበቅሁ። «እንቢ በላት፣ እህትህን እንቢ በላት» እያልኩ። ሞዴስቶ «ምን ትያለሽ?» አለኝ። ጭብጨባው ሲነሣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አቀፉኝ። አንተ ሜዳው ላይ የተሰማህ ለእኔ እዚህ አልተሰማኝም። እኔ የተሰማኝ አባባ በሩ ላይ እንደ ቆመና ማንም ዞር ብሎ እንዳላየው ነው።

ያዘዝኩህ ትክክል አልነበረም። ከቁጣዬ ነው የጻፍኩት።

ዲሴምበር 12 ከዚህ ከምትነሣው መርከብ ላይ ለኢዳሊያና ለእኔ ቦታ ይዣለሁ። የመሄጃ ብቻ ነው። በፋብሪካው ያሉት ሴቶች አብደሻል ይሉኛል፤ «ለሞተ ሰው ተብሎ ሕያው እንጀራ ይጣላል?» አለችኝ አለቃዬ። ምናልባት እውነቷን ነው። እዚያ ምን ሠርቼ እንደምኖር አላውቅም፤ አንተም እንዳትጨነቅበት።

ወደቡ ድረስ በአውቶቡሱ ና፤ ብቻህን። ለቻጎም ለዶን ፋውስቲኖም እንዳትነግር። መጀመሪያ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ዘንድ ገብተን እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ የስልኩ ነገር አለብኝ። ከዚያ ቤታችን እንሄዳለን። በሩ ላይ ቆመህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ትነግረኛለህ፤ ሁለት ጊዜ ያለፍክበትንም ሳትዘል። እኔም የእኔን እነግርሃለሁ። ኢዳሊያ ትስማን። አምስት ዓመቷ ነው፤ ብዙውን አይገባትም፤ ግን አያቷ እንዴት እንደ ሞቱ ከሁለታችን አፍ ካልሰማች ከማን ትሰማለች?

ከዚያ በላይኛው መንደር ወዳለው ሰውዬ አብረን እንሄዳለን። ወንድሙ በሕይወት ካለ፣ ከአጠገቡ እንዳይነሣ እንነግረዋለን።

እህትህ ኔሪስ